በሁሉም ባህል የሚሠራ ፍጹም የሞራል ሕግ አለ? ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ጎንደር ውስጥ በክፍልም፣ በቡና ላይም፣ በለቅሶ ድንኳን ሥርም ይነሣሉ። መልሶቹ የጸሐፊው አቋም አለባቸው፤ ገለልተኛ ለመምሰል አልሞከርኩም።

«ፍጹም የሞራል ሕግ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሰዎች በዚህ ርዕስ ላይ ሲከራከሩ የሚያመሹት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ስለሚያቀላቅሉ ነው። አንደኛው፣ በየትኛውም አገር ያለ ሕዝብ የሚስማማበት ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። ይህን ሄዶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ መመለስ ይቻላል። ሁለተኛው፣ ሰው ተስማማም አልተስማማም ትክክል የሆነ ነገር አለ ወይ ይላል። ይህ በእጅ ብልጫ አይወሰንም፤ ፀሐይ ምድርን ትዞራለች ብሎ ሰው ሁሉ ያመነበት ዘመን ነበር፣ ምድር ግን ለድምፅ ብልጫው ስትል አልቆመችም። ሦስተኛው ደግሞ፣ ያ ትክክል የተባለው ነገር በምንም ሁኔታ የማይላላ ነው ወይ የሚል ነው።

ሁለተኛውን «አዎ» ብሎ ሦስተኛውን «አብዛኛውን ጊዜ አይደለም» ማለት ይቻላል። እኔ የምለው እንደዚያ ነው።

ሁሉም ሕዝብ የሚስማማበት ነገር በጥናት ተገኝቷል?

ተገኝቷል ማለት ይቻላል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ በዓለም ዙሪያ ስለሚኖሩ 60 ማኅበረሰቦች የተጻፉ የመስክ መዛግብትን አገላብጠዋል። የፈለጉት ሰባት ነገሮችን ነበር፦ ዘመድን መርዳት፣ ለወገን መቆም፣ ውለታ መመለስ፣ ጀግንነት፣ ለበላይ መታዘዝ፣ በአግባቡ መካፈልና የሰው ንብረት አለመንካት። ሰባቱም በሁሉም ዘንድ ተመዝግበው አልተገኙም። ተመዝግበው በተገኙበት ሁሉ ግን መልካም ተብለዋል፤ በመዛግብቱ ውስጥ ከተነሡበት 962 ቦታ በ961ዱ። የተለየችው አንዲቷ ከፓስፊክ ውቅያኖስ የቹክ ደሴቶች የተገኘች ናት፤ እዚያ በግልጽ፣ በሰው ፊት የሚሰርቅ ሰው ማንንም እንደማይፈራ ስላሳየ ይደነቃል። ስርቆቱን በጀግንነት ሸፍነውታል ማለት ነው።

ከ60ዎቹ አንዱ አማራ ነው። ስለ እኛ የሰፈረው ቃል፣ የዘመድነት ግዴታውን የጣለ ሰው እንደ ነውረኛና እንደ ክፉ እንደሚታይ ይናገራል። ይህን ለማወቅ ኦክስፎርድ ምን አስኬደ የሚል አይጠፋም። ቁም ነገሩ ግን እኛ እንዲህ ማሰባችን ሳይሆን፣ ስማችንን እንኳ ሰምተው የማያውቁ ሕዝቦችም እንዲሁ ማሰባቸው ነው።

ታዲያ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። ከሰባቱ ውስጥ ለወገን መቆምንና ጀግንነትን አንድ ላይ ብታደርጓቸው ደም መመለስን ታገኛላችሁ። ወንድሙ የተገደለበት ሰው ዝም ብሎ ከከረመ አስለቃሿ በግጥም ትወጋዋለች፤ ገበያ ላይ ሰው ዓይኑን ይሸሸዋል። ገዳዩን ካጣው የገዳዩን ወንድም፣ እሱንም ካጣ የአጎቱን ልጅ ይፈልጋል። ሁሉም የሚያደንቃቸውን ሁለት ባሕርያት ይዞ ምንም ያላደረገ ሰው ይገድላል።

ይህ የሚያሳየው ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ነገር ሁልጊዜ ትክክል እንዳልሆነ ነው። ነገር ግን ደሙ የሚደርቀውም በዚያው ባህል ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ። ሽማግሌዎችና መስቀል የያዙ ካህናት የሟች ቤተሰብ ደጅ ይሄዳሉ። አይሆንም ተብለው ይመለሳሉ፤ ደግመው ይሄዳሉ። በመጨረሻ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፣ የደም ካሳ ይቆረጣል፣ ቂም ላይያዝ ይማማላሉ። ፍርድ ቤት በበኩሉ ዕርቅ ወረደም አልወረደም ግድያውን በወንጀል ይዳኛል። ሽምግልናውን ግን ከውጭ ያመጣው የለም። «ደሙን መልስ» የሚለውም «ይብቃ» የሚለውም የእኛው ድምፅ ነው፤ ስለዚህ «ባህላችን እንዲህ ይላል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የትኛው ባህላችን ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ጎንደር ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። በአንድ ከተማ ካልተስማማን ስለ ዓለም ምን አፍ አለን?

የሠርግ ዋዜማ አንድ ግቢ ገብታችሁ ተመልከቱ። ክርስቲያኑ ደጋሽ የራሱን ሰንጋ ከመጣሉ በፊት ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ወይም ፍየል ለይቶ ያስረክባል። ራሳቸው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት ራሳቸው ይሠራሉ፣ ለብቻ በተዘጋጀ ቦታ ይስተናገዳሉ። ጠላና ጠጅ ለማይጠጣ ብርዝ ይቀርባል። ሙስሊሙ ሲደግስም እንዲሁ ነው። በዚያ ግርግር መሀል ከደጋሹ ቤት ሴቶች አንዷ ተሳስታ የሙስሊሞቹን ጭልፋ ብታነሣ ከማንም በፊት የምትደነግጠው ራሷ ናት። ሃይማኖቱ የእሷ አይደለም፤ ጭልፋው ግን አደራ ሆኖባታል።

በሥጋው አልተስማሙም፤ አይስማሙምም። አንድ ደጋሽ ግን «ካላወቁት ምን ይጎዳቸዋል» ብሎ ሥጋውን ቢቀላቅልና ነገሩ ቢታወቅ፣ ከሙስሊሞቹ ይልቅ የሚያፍሩበት የገዛ ዘመዶቹ ናቸው። አምኖ ከደጅህ የመጣን ሰው ማታለል በሁለቱም ወገን በደል ነው። የተለያየው የአክብሮቱ ወግ ነው እንጂ ማክበሩ አይደለም። ብዙዎቹ «የሞራል ልዩነት» የምንላቸው ነገሮች ተጠግተን ስናያቸው የወግ ልዩነት ሆነው ይገኛሉ። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደሉም፤ ከታች እንደርስበታለን።

እኛ ጎረቤታሞች ነን፤ እጅግ የተራራቁ ሕዝቦችስ?

ግሪካዊው ሄሮዶተስ የጻፈው ታሪክ አለ። የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ ግሪኮችን ጠርቶ የሞቱ አባቶቻችሁን ሥጋ ለመብላት ስንት ይከፈላችሁ አላቸው፤ በምንም ዋጋ አሉ። ቀጥሎ የሞቱ ወላጆቻቸውን ይበሉ የነበሩ ካላቲያውያን የተባሉ ሕንዶችን ጠርቶ፣ እንደ ግሪኮቹ አስከሬኑን ለማቃጠል ስንት ትፈልጋላችሁ ቢላቸው፣ ይህን ክፉ ነገር አታናግረን ብለው ጮኹ። ታሪኩን ሰዎች ሁሉም ነገር ልማድ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። እኔ ደግሞ ሁለቱም የጮኹት አባታቸውን ላለማዋረድ መሆኑ ይበልጥ ይታየኛል።

መዋሸት ሁልጊዜ ክልክል ነው? መርዶስ?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1797 በጻፈው፣ ነፍሰ ገዳይ በራችሁን አንኳኩቶ ከቤታችሁ የተሸሸገውን ወዳጃችሁን «አለ ወይ?» ቢላችሁ እንኳ መዋሸት አይፈቀድላችሁም ብሏል። ይህን ለአንድ የጎንደር ሽማግሌ ብትነግሯቸው፣ ሰውየው ጎረቤት አልነበረውም እንዴ ብለው ይጠይቋችኋል።

የእኛን ልማድ ተመልከቱ። እናቱ አገር ቤት የሞተችበት ሰው በስልክ አይረዳም። «ትንሽ አሟታልና ብቅ በል» ይባላል። መንገድ ላይ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ አንድ የሚያውቀው ሰው አብሮት ይሳፈራል፤ ያም ሰው መንገዱን ሙሉ ስለ አዝመራና ስለ ኑሮ ውድነት እያወራ ይመጣል። ሌሊቱን እንዲተኛ ይተዉታል። ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ የነፍስ አባቱና ዘመዶቹ በሩን ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። በሩን ሲከፍት ነጠላ አዘቅዝቀው የቆሙትን አይቶ፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ይረዳል።

ያ ሁሉ ሰው ዋሽቷል። ነገር ግን «ዋሻችሁኝ» ብሎ የሚቀየም አላየሁም። ያው ሰው ወሬው ተደብቆበት ቀብር ካመለጠው ግን ዕድሜውን ሙሉ ይቀየማል። እንግዲህ በዚህ ልማድ ውስጥ የማይላላው ነገር «ከእውነት ውጭ አንዲት ቃል አትናገር» የሚለው አይደለም፤ ሰውን ከራሱ ጉዳይ አታስወጣው የሚለው ነው።

በዚሁ መለኪያ ከልማዱ ጋር የማልስማማበት ቦታም አለ። የማይድን በሽታ የያዘው ሰው ውጤት ለልጆቹ ተነግሮ ለእሱ ለወራት ሲደበቅ፣ ደግነቱ ይገባኛል። ግን ኑዛዜውም፣ ዕርቁም፣ ንስሐውም የእሱ ነበር። አንድ ሌሊት የሚያሳርፍ ውሸትና የሰውን የመጨረሻ ዓመት የሚወስድ ውሸት በአንድ ስም ቢጠሩም አንድ አይደሉም።

ፈጣሪ ሕጉን ሰጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ምን ጥያቄ ይነሣል?

ሃይማኖተኞቹ ራሳቸው አንሥተውታል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሙሴ በፊት የነበረውን ጊዜ ዘመነ ሕገ ልቡና ትለዋለች፤ ጽላት ሳይቀረጽ ቃየል በወንድሙ ደም ተጠይቋል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ፣ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕግ ሥራ በልባቸው የተጻፈ መሆኑን ያሳያሉ ይላል። እስልምና ሰው ይዞት ስለሚወለደው ንጹሕ ባሕርይ፣ ስለ ፊጥራ ያስተምራል። የቀደሙት የእስልምና ሊቃውንትም በዚህ ተከራክረዋል፦ ሙዕተዚላዎች መልካምና ክፉን አእምሮ በራሱ ሊለይ ይችላል አሉ፤ አሽዐሪያዎች መልካም የሚሆነው አላህ ስላዘዘው ነው አሉ። ፕላቶን ሶቅራጥስን እያናገረ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈውም ይህንኑ ነበር።

በተግባር ሲታይ ነገሩ ያን ያህል አያስቸግርም። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ እድር ሲታቀፉ መተዳደሪያ ደንቡን ከአንዳቸውም ቅዱስ መጽሐፍ አይገለብጡም፤ ሁለቱም ግን ይፈርሙበታል፣ ቅጣቱንም ይከፍላሉ።

የእኛው ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ ስለዚህ ጽፏል ይባላል፤ እውነት ነው?

በስሙ የሚታወቀው ሐተታ ባለታሪኩን ከጎንደር ብዙም በማይርቀው እንፍራዝ ያኖረዋል። ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነው፣ መልካሙን የሚለየውም ፈጣሪ በሰጠው ልቡና ነው ይላል፤ ሰውን እንደ እንስሳ መግዛትን ይነቅፋል። ጾምና ምንኩስናን ሳይቀር በዚያው ሚዛን ስለሚመዝን ብዙ አንባቢ ይከፋበታል። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 ሐተታውን የጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረው ካፑቺናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ካለ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። ጸሐፊው ሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ ኩራታችን ይጎዳል፤ ሐሳቡ ግን በዚህ ምክንያት ሐሰት አይሆንም።

አያቶቻችን ባሪያ ይገዙና ይሸጡ ነበር። ሞራል አልነበራቸውም ልንል ነው?

ነበራቸው፤ አስቸጋሪውም ነገር እሱ ነው። ለዘመናት ዳኞች ይጠቅሱት የነበረው ፍትሐ ነገሥት ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ነፃነትን እንደሚጋሩ ያውቃል፤ ወዲያው ግን ጦርነት አንዱን የሌላው አገልጋይ እንደሚያደርገው ይጨምርና ስለ ባሪያ አያያዝ ሕግ ይደነግጋል። መርሁ ተጽፏል፤ ከመርሁ ማን እንደሚወጣም እዚያው ተጽፏል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ርቀን መሄድም አያስፈልገንም። ወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች በሠሩት ማረሻ ጎንደሬ አርሷል፣ በሠሩት ጀበና ቡና አፍልቷል። ሰዎቹን ግን ርስት ነፍጎ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆኑ ቡዳዎች ናቸው ብሎ አወራባቸው። ይህን ያደረገው ጎረቤትን መውደድ የሚባል ትእዛዝ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ በየሳምንቱ ይሰማው ነበር። ጎረቤቱን ሰው አይደለም ካለ በኋላ ትእዛዙ አልከበደውም።

የዚህ ገጽ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ ባህሎች ክፉኛ የሚለያዩት በመርሁ ላይ ሳይሆን መርሁ እነማንን ያቅፋል በሚለው ላይ ነው። የባሪያ ጌታ የገዛ ልጁ ቢሸጥበት በደሉ ሳይነገረው ይገባዋል። ስለዚህ ነው የሰው በዳይ ሁሉ ሰበብ የሚደረድረው፤ «ምርኮኛ ነው»፣ «አረመኔ ነው»፣ «ቡዳ ነው»። በደሉ በደል ባይመስለው ሰበቡ ለምን አስፈለገው?

ስለ ሁሉም ሰው እኩል መብት ማውራት የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም?

ፈረንጆቹ ራሳቸው ተጠራጥረውት ነበር። በ1947 የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር የሥራ አመራር ቦርድ፣ እሴት ሁሉ ከባህል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለዓለም ሁሉ አንድ የመብት መግለጫ ማውጣት ያስቸግራል የሚል ሰነድ ለተባበሩት መንግሥታት ላከ። መግለጫው ግን በዓመቱ ታኅሣሥ ላይ በ48 ድጋፍና በ8 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ፤ ከደገፉት አንዷ ኢትዮጵያ ናት፣ ከታቀቡት አንዷ የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ናት። ማኅበሩም በ1999 አቋሙን ለውጦ ሰብአዊ መብትን የሚደግፍ መግለጫ አወጣ። እነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፈራጁ ማንነት ግን የሚያናድድ ጉዳይ መሆኑ አይካድም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ በራስ ሚካኤል ስሑል ጊዜ የተገደሉ ሰዎች አስከሬን በከተማው መንገድ ለጅብ ሲተው አይቶ መንገሽገሹን ጽፏል። መንገሽገሹ ተገቢ ነበር። በዚያው ጊዜ አገሩ ለሌብነት ሰው ትሰቅል ነበር፤ መርከቦቿም ሰንሰለት የገባላቸውን አፍሪካውያን አትላንቲክን ያሻግሩ ነበር። ይህ ሁለቱንም ያስከስሳል እንጂ አንዱን ነፃ አያወጣም። «አንተስ?» ማለት ለክርክር ይመች ይሆናል፤ ጅብ የበላውን ሰው ግን አይመልስም።

ልጅን በ12 ዓመቷ መዳር ባህላችን ነበር። ማን ነው የሚከለክለን?

ሕጉ ይከለክላል፦ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ የሚያገባን ሰው እስከ 7 ዓመት ያስቀጣል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶችን ከጎጂ ልማድ ይጠብቃል። ሕግ ግን የሞራል መልስ አይደለም፤ ትናንት የተፈቀደ ዛሬ ይከለከላል።

የሞራሉ መልስ «ባህላችን» በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው «እኛ» ማን ናት ከሚለው ይጀምራል። ሽማግሌ የላከው አባት አማራ ነው፤ ያገባው ሰው አማራ ነው፤ ከጓዳ የተደበቀችው ልጅም አማራ ናት። ከሦስቱ ያልተጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። እሷ ሳትጠየቅ የሁላችንም ነው ማለት አይቻልም። በ12 ዓመታቸው ተድረው በምጥ የተሠቃዩ ስንት እናቶች ናቸው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሰደዱት፤ ባህሉን ከውስጥ የፈረዱበት እነሱ ናቸው።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ «ሁሉም ነገር አንጻራዊ ነው» ትላለች። ምን ልበላት?

አትቆጧት፤ ግማሹን ልክ ናት። ስለ አለባበስ፣ ስለ አበላል፣ ስለ ሰላምታ የምትለው እውነት ነው፤ በዚያ ላይ መቻቻል የተማረችው ከዚህ ሐሳብ ከሆነ መልካም ተምራለች። ብቻ አንድ ነገር ጠይቋት፦ የሌላውን ባህል ማክበር አለብን የሚለውስ አንጻራዊ ነው? ነው ካለች፣ ማክበር የማይፈልገውን ሕዝብ የምትወቅስበት ምክንያት የላትም። አይደለም ካለች አንድ የማይላላ ሕግ አግኝታለች። ከዚያ በኋላ ምግብ አቅርቡላትና ሌላ ጨዋታ አምጡ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ማታ አይረታም።

እንግዲያው ፍጹም የምትሏቸውን ዘርዝሩ።

ዝርዝሬ አጭር ነው። ሰውን ለመደሰቻ ማሠቃየት። አንዱ ላጠፋው ሌላውን መቅጣት። ሰውን መሸጥ። ሕፃን አግቶ በወላጆቹ እንባ ገንዘብ መደራደር፤ ይህንን ጎንደር ላለ አንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም። እያወቁ በሐሰት መፍረድ፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ የጉዳቱን መጠን ሳይሆን የበደሉን ዓይነት እንደሚመዝን ያውቃል። እነዚህን የትኛውም አገር፣ የትኛውም ዘመን፣ የትኛውም ችግር ትክክል ያደርጋቸዋል ብዬ አላስብም።

«አትግደል» የሚለውን ያልጻፍኩት ራሱን የሚከላከል ሰው ስላለ ነው። «ወላጅህን ታዘዝ» የሚለውን ያልጻፍኩት ከላይ ስላለችው ልጅ ነው። አደራን አለመብላትን ልጨምር አስቤ ነበር፤ ጎንደር ላይ ከዚህ የከበደ ነገር የለምና። ይሁን እንጂ ጠመንጃውን አደራ ያኖረ ሰው ጠጥቶ፣ ተቆጥቶ፣ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ሌሊት ቢመጣና «ንብረቴን ስጡኝ» ቢል፣ አስተዋይ ሰው ነገ ጠዋት ና ይለዋል።